ቀይዋ መኪና አደባባይ ስትዞር

«ጋሽ ወልደሰንበት በወጣትነታቸው ይነዷት የነበረችውን ቀይ መኪና ሙሽራው ይዞ ካልመጣ፣ ልጃቸውን ልባቸው ፈቅዶ አይሰጡም አሉ።» ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ ካለ፣ ጃፋር ያላገኘው ሰው ብቻ ነው። ጃፋር የሙሽራው የኢዮስያስ አንደኛ ሚዜ ነው። «ከማን ሰማህ?» ሲሉት «ሰው ሁሉ የሚያወራውን!» ይላል። ሰው ሁሉ ደግሞ የሰማው ከእሱ ነው። ዛሬ ጋራዥ ሰፈር የምንተርታት ተረት መነሻዋ ይኸው ወሬ ነውና፣ ከእኔ ስሙት። ሌላው አዳማቂ ነው።

ኢዮስያስ ወሬውን አምኖ መኪናዋን ከአንድ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ፈልጎ አገኛት። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትስም የደረሰች፣ የድሮ እስፖርት መኪና። በአዲስ ቀለም አንቆጥቁጦ ሲያበቃ፣ በሰርጉ ሳምንት ወደ እኔ ብየዳ ቤት አመጣት። በታጠፈች ቁጥር ከሥር «ቋ! ቋ!» ትላለች።

ብየዳ ያስተማረኝ የለም፤ አይቼና ተቃጥዬ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ያየሁትን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። ከሥሯ ገባሁ። መኪና ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳትጋደም የሚይዛት ዘንግ አለ፤ እስታብላይዘር እንለዋለን። ዘንጉ ደህና ነው። ዘንጉ የታሰረበት የሻንሲው ላሜራ ግን በካቻቢቴ ጫፍ ብነካው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ።

«እዮስ፣ ይሄ ብረት አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ዝገት ነው። የበሰበሰውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ መበየድ አለብኝ። ለሰርጉ አይደርስም።»

«እንዴት አይደርስም? እሁድ እኮ ነው!»

ጃፋር ጣልቃ ገባ። «አቦ ምን ታካብጃለሽ! የፒክአፕ ዘንግ እናስገባላታለን፣ ብሎኑን አወፍረን ጥርቅም! ወፍራም ነገር ይይዛል።»

«አንገትህም ወፍራም ነው፤ የተሸከመውን ግን አየነው!»

«አንቺ ደሞ ከማን ተምረሽ ነው?»

«ካንተ አይደለም፤ ተመስገን።»

ኢዮስያስ አልሳቀም። «እህቴ፣ ያለሷ ሄጄ ፌቨንን ቢከለክሉኝስ?» አለ። የምሩን ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንግዲያው እኔ እጄን አላስገባም» አልኩ። «ካደረጋችሁትም ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ ንዱ።»

ጃፋር ራሱ የፒክአፑን ዘንግ አምጥቶ፣ የላሜራውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍቶ በወፍራሙ ብሎን አሰረው። ቋቋታው ጠፋ። እስከ እሁድ ድረስ ከሙሽራው በላይ ሙሽራ ሆኖ በደጄ ሲንጎራደድ ከረመ።

እሁድ ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት ይዘን ወጣን። እኔም ተጋብዤ ከኋላ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እስከ ለገሃር ሰላም ነበር። ግን በእኛ አገር አደባባይ ያልዞረ ሰርግ ሰርግ ይባላል? ጥሩምባው ቀለጠ። ቪዲዮ ቀራጩ ከባጃጅ ተንጠልጥሎ «ድገመው! አሁንም ድገመው!» ይላል። ኢዮስያስ ምክሬን ረስቶ እንደ እንዝርት ሾረ።

«ጓ!»

ወፍራሙ ዘንግ አልታጠፈም፤ ወፍራሙም ብሎን አልተቆረጠም። የተያዙበትን የበሰበሰ ላሜራ ቦጭቀው ወጡ እንጂ! መኪናዋ ወደ ጎን ጋደል አለች፤ ዘንጉ አስፋልቱን እየጫረ፣ ፍንጣሪ እየረጨ፣ አደባባዩ መሃል ቆመች።

ፌቨን ቬሎዋን ሰብስባ ወረደችና ቀራጩን አስወርዳ ባጃጁ ውስጥ ገባች። «ና እንጂ እዮስ! እዚያው ልትበየድ ነው?» እልልታው ከጥሩምባው በለጠ።

ጋሽ ወልደሰንበት ከኋላ መጡ። ኢዮስያስ በላብ ተጠምቆ «ጋሼ ይቅርታ... የእርስዎ መኪና ናት፤ ደስ እንዲልዎት ብዬ...» አለ።

«የኔ?» ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ውይ! በአበባ ተሸፍና አላወቅኳትም። ልጄ፣ እኔማ ሆዷ በስብሶ ነው የሸጥኳት! ማን አምጣት አለህ?»

ሁላችንም ጃፋርን አየነው። ጃፋር ጫማውን አየ። ፌቨን ግን ባጃጁ ውስጥ ሆና «ኧረ ረፈደ!» እያለች ትጣራለች። ልጅቱ ከተሰጠች በኋላ እውነቱ ለማን ይጠቅማል?

ጋሽ ወልደሰንበት ከአስፋልቱ ላይ ወፍራሙን ብሎን አነሱ፤ የዝገት ቁራጭ እንደነከሰ ነው። በጃፋር መዳፍ ላይ አስቀመጡለትና፣ እኔ ያን ቀን ብየዳ ቤት የለፈለፍኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ «ለበሰበሰ ግድግዳ ሚስማር ቢያወፍሩለት፣ ቀዳዳ አሰፉለት።»