ጃኬት የያዘው ወንበር

ተረት ተረት! የራበው ይጠጋ፣ የጠገበም ይስማ፤ ነገሩ የሆነው ምግብ ቤት ውስጥ ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እማማ ኤልዳ የሚባሉ የጣሊያን የልጅ ልጅ ምግብ ቤት ነበራቸው። እዚያ ቤት ለብቻ የሚቀርብ ሰሃን የለም፤ ላዛኛው በትልቅ ትሪ ወጥቶ ጠረጴዛው ሁሉ ይቋደሰዋል። ሊጡን የምትዳምጠው ውዲቱ ነበረች። እሁድ እሁድ ደግሞ ኅሩይ ይመጣል፤ የቤቱን እግራቸው የላላ ወንበሮች የጠገነ አናጢ ነው። መጥቶ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ጃኬቱን ይሰቅልና፣ ሰው በጠየቀው ቁጥር "ተይዟል" ይላል። የያዘለት ሰው ግን መጥቶ አያውቅም። ውዲቱን በኩሽናው መስኮት ባየችው ቁጥር ይከነክናታል። ለእጮኛው ይሆን? ለእጮኛው ከሆነስ፣ እሷ ለማን ብላ ነው እሁድ እሁድ ፀጉሯን የምትሠራው?

አስተናጋጁን ጋሽ ሽብሩን ወንበሩ ለማን እንደተያዘ ይጠይቁልኝ ብላ ለመነች። ጋሽ ሽብሩ ግን እንግዳ ሳይጎርስ ጉዳዩን መጠየቅ በዚህ ቤት ነውር ነው፣ መጀመሪያ ላዛኛው ይውጣ አሉ።

ወደ ላዛኛው ሄደች። "ላዛኛ ሆይ፣ ብሰል፤ አንተ ካልበሰልክ ጋሽ ሽብሩ አይጠይቁ፣ ጋሽ ሽብሩ ካልጠየቁ እኔ አላውቅ።" ላዛኛው ምድጃው ሳይግል አልበስልም አላት።

ወደ ምድጃው ሄደች። ምድጃ ሆይ፣ ጋል፤ አንተ ካልጋልክ ላዛኛው አይበስል፣ ላዛኛው ካልበሰለ ጋሽ ሽብሩ አይጠይቁ፣ ጋሽ ሽብሩ ካልጠየቁ እኔ አላውቅ። ምድጃውም እንጨት ሳልጎርስ አልግልም አላት።

ጓሮ ወጣች። እንጨት ሆይ፣ ግባ፤ አንተ ካልገባህ ምድጃው አይግል፣ ምድጃው ካልጋለ ላዛኛው አይበስል፣ ላዛኛው ካልበሰለ ጋሽ ሽብሩ አይጠይቁ፣ ጋሽ ሽብሩ ካልጠየቁ እኔ አላውቅ። እንጨቱ፣ ሰነፍ ግንድ፣ እንደተጋደመ ምሳር ሳይፈልጠኝ አልገባም አላት።

ምሳር ሆይ፣ ፍለጥ፤ አንተ ካልፈለጥክ እንጨቱ አይገባ፣ እንጨቱ ካልገባ ምድጃው አይግል፣ ምድጃው ካልጋለ ላዛኛው አይበስል፣ ላዛኛው ካልበሰለ ጋሽ ሽብሩ አይጠይቁ፣ ጋሽ ሽብሩ ካልጠየቁ እኔ አላውቅ። ምሳሩም እጀታዬ ወልቋል፣ አናጢ ሳያጠብቀኝ አልፈልጥም አላት።

አናጢ! ውዲቱ ልቧ ድንግጥ አለ። በዚያ ቤት አንድ አናጢ ብቻ ተቀምጧል፤ እሷ ደግሞ ከኩሽናው መስኮት አልፋ አናግራው አታውቅም። እንደምንም ሄደች።

"ኅሩይ፣ ተነስና ምሳሩን አጥብቅልን፤ አንተ ካላጠበቅከው ምሳሩ አይፈልጥ፣ ምሳሩ ካልፈለጠ እንጨቱ አይገባ፣ እንጨቱ ካልገባ ምድጃው አይግል፣ ምድጃው ካልጋለ ላዛኛው አይበስል፣ ላዛኛው ካልበሰለ ጋሽ ሽብሩ አይጠይቁ፣ ጋሽ ሽብሩ ካልጠየቁ..." እዚህ ላይ ምላሷን ነከሰች።

ኅሩይ አንገቱን ደፋ። "ይህን ወንበር ባዶ ትቼ አልነሳም" አለ።

እንግዲህ ጉዷን ተመልከቱ። እንዲጠየቅ መጉረስ አለበት፤ እንዲጎርስ መነሳት አለበት፤ እንዲነሳ ወንበሩ መያዝ አለበት። ውዲቱ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጃኬቱን አነሳች፣ ባለወንበሯ እስክትመጣ ልጠብቅልህ ብላ ጫፉ ላይ ቁጭ አለች።

ኅሩይ ብድግ ብሎ ምሳሩን አጠበቀ፣ ምሳሩ እንጨቱን ፈለጠ፣ እንጨቱ ምድጃውን አጋለ፣ ምድጃው ላዛኛውን አበሰለ፣ ላዛኛውን ጋሽ ሽብሩ አወጡ። ኅሩይ ተመልሶ ጎረሰ። ጋሽ ሽብሩም እስኪውጥ ጠብቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ ወንበር ለማን ነበር የተያዘው?"

"ለተቀመጠችበት" አለ ኅሩይ።

ያን ጊዜ ውዲቱ ከጫፉ ገባ ብላ ወንበሩን ደገፍ አለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በላዛኛ አብሱ።