የውብሸት የብረት በር

ቀኛዝማች ሸዋንግዛውና መምሬ ይኄይስ ሽንብራ ሜዳ የተባለውን መንደር ሲያቀኑ ያቆሙት ሥርዓት ብዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ከአንዱ የተወለደ፣ ዛሬም ከከተማው ሰው አፍ ያልጠፋ አንድ አባባል አለ፤ እርሱም በከንቱ አልተነገረም።

መንደሩ ከተማ ሆኖ የሽንብራው ማሳ አስፋልት ሲሆን፣ የጎጆው ክዳን ቆርቆሮ፣ የእሾኹ አጥር ግንብ ሆነ። ከሁሉ ቀድሞ የብረት በር ያቆመው የወይዘሮ ትጓደድ ልጅ ውብሸት ነው። በሩን ካቆመ ወዲህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣው። ጎረቤታቸው አያ ደምለው ማለዳ ማለዳ እየመጡ በሩን በከዘራ ይመታሉ፤ እናቱ ከውስጥ «አለሁ!» ሲሉ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ይሄዳሉ። ሊበደሩ ነው እንዳይል አይጠይቁም፤ ሊጫወቱ ነው እንዳይል አይገቡም። ቀና ብለው ግንቡን ሲያዩማ ከፍታውን የሚለኩ መሰለው።

«እማዬ፣ ሰውየው ቤታችንን እያጠና ነው።»

«ደምለው? የአባትህ ሚዜ?»

«ሚዜም ይሰርቃል! ‹አለሁ› ማለትሽ እኮ ‹ብቻዬን ነኝ› ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳትመልሺለት።»

«አይ ልጄ! ግቢውን ስታጥር ልብህንም አብረህ አጠርከው።»

በማግስቱ ውብሸት እናቱን ከውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ ቆልፎ ወደ ሥራው ሄደ። ልቡ ግን አላርፍ ስላለው ረፋድ ላይ ተመለሰ። ቁልፉ ተሰብሮ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘው።

«ያልኩት ደረሰ!» ብሎ ዘልቆ ገባና ግቢው ውስጥ የቆሙትን አያ ደምለውን ጋቢያቸውን ጨምድዶ ያዘ። «ያዝኩህ!»

«እኔን በኋላ ትይዘኛለህ፤ አሁን እናትህን ያዝ» አሉት።

ወይዘሮ ትጓደድ ደጁ ላይ ተጋድመው፣ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን ያራግቡላቸዋል። በተዘጋው ክፍል ያቀጣጠሉት ከሰል አፍኗቸው ኖሮ፣ ገና ነፍሳቸው መመለሷ ነበር።

ውብሸት ጋቢውን ለቆ ከእናቱ አጠገብ ተንበረከከ። «እንዴት... እንዴት አወቃችሁ?»

«ብመታ ብመታ መልስ የለም፤ ሰው ጠርቼ ሰበርነው። ድሮ እነቀኛዝማች ባቆሙት ሥርዓት፣ ማለዳ ጭስ ያልወጣበትን ቤት ሳንጠይቅ እርሻ አንወርድም ነበር። ዛሬ ምጣዱም ምድጃውም በኤሌክትሪክና በከሰል ሆነ፤ ጭስ ከየት ይምጣ? እኛም በር መምታት ጀመርን።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ፣ አያ ደምለው። እርስዎን ሌባ አድርጌ ነበር የማይዎት።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ ጭስ ቢቀር ጠያቂ አይቅር» አሉት።