ደብተራ ቢሆነኝና የፊታውራሪው ሁለት ዓይን

ኑ ተጠጉ! አንተ ፍንጭቱ፣ አፍህን ዝጋና ጆሮህን ክፈት። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፤ እሱም ከአባቱ ነው የሰማው። እኔ የጨመርኩት ካለ ለማሳመር ነው።

ድሮ፣ ቀለም በእጅ እየተፈጨ ቤተ ክርስቲያን በሚሣልበት ዘመን፣ ደብተራ ቢሆነኝ የሚባል ሠዓሊ ነበር። እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ምላጭ! ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባል ጌታ «የወንበሪት ማርያምን ግድግዳ ሣልልኝ» ብሎ አስመጣው። ፊታውራሪው ስስታም ነው። ስስታም ስላችሁ እናታችሁን እንዳታስቡ፤ ከሷም ይብሳል።

ቀለሙ እንዲይዝ በእንቁላል አስኳል ይለወስ ነበር። ቢሆነኝ እንቁላል ቢጠይቅ ፊታውራሪው ስድስት ብቻ ላከለትና «ላንተ አስኳሉ ይበቃሃል፤ ነጩን መልስ፣ እበላዋለሁ» አለው።

«እሺ ጌታዬ፣ ዶሮዋንም ይላኳትና ራሷ ትለይልን!»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእመቤታችን ካባ ሰማያዊ ቀለም አስፈለገ። እሱ ከሩቅ አገር የሚመጣ፣ ውድ ነገር ነው። ፊታውራሪው በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ሰጠና «አብቃቃው!» አለ። በሳምንቱ መጥቶ ቢያይ፣ ሰማያዊው ወገቧ ላይ ብቻ! «ካባዋስ የታለ?» ብሎ ጮኸ።

«የሰጡኝ ለመቀነት ነው ጌታዬ። ታጥቃ ካባዋን እየጠበቀች ነው!»

ካህናቱ ሁሉ ሳቁ። ፊታውራሪው አፍሮ በማግስቱ ሙሉ ቁና ቀለም ላከ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሠዓሊዎች ወግ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን ጎኑን ዞሮ፣ ባንድ ዓይን! ፊታውራሪው መጣና «ከእመቤታችን እግር ሥር ሣለኝ። በሁለት ዓይን! አንዷ ብትጎድል ቀኝ እጅህን አስቆርጠዋለሁ» አለው።

ይህን የሰሙት እማሆይ ወለተ ጽዮን፣ ቢሆነኝን ማታ ማታ የሚያበሉት፣ ተቆጡ። «አንተ ቢሆነኝ! የግጦሽ መሬታችንን የቀማን ሰው ጻድቅ ልታደርገው? በል፣ ካሁን ወዲያ ከቤቴ ውሃም አትቀምስ!»

ቢሆነኝ መጋረጃ ጋርዶ ሦስት ቀን ሣለ። ሲገለጥ፣ ሥዕሉ ላይ ፊታውራሪው በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ እየሰገደ ነው። ጀርባ አለ፣ ካባ አለ፤ ዓይን የሚባል ግን የለም! እማሆይ እልል አሉ። ፊታውራሪው ቢሆነኝን አሳስሮ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሕዝቡ ፊት ለዳኛ አቆመው። ዳኛውም የገዛ አበልጁ ነው!

«ሁለት ዓይን ታዘህ አንድም አልሣልክም። እጅህን የሚያድን ቃል ካለህ ተናገር!» አለው ዳኛው።

ቢሆነኝ ወደ ፊታውራሪው ዞሮ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እዚሁ ካህናቱ ፊት ‹ለእመቤታችን አልሰግድም› ይበሉ፤ አሁኑኑ ቀና አደርግዎታለሁ!»