ከቆላ የመጣው ቋጠሮ

በአንድ ወቅት ቀጨሞ የምትባል የደጋ መንደር ነበረች። እኔ አላየኋትም፤ የነገሩኝ ሰዎች ግን ለመዋሸት የሚበቃ ጉልበት አልነበራቸውም። ስልሳ አራት ቤት ነበራት፣ ቦይዋ ግን አንድ ነው። ዝናብ ሲያባራ ከዚያ ቦይ በቀር ውሃ የሚባል ነገር የለም። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ በየሦስት ዓመቱ፣ ኅዳር ሲጋመስ ይመረጣል። ደመወዝ የለውም። ተራው ከላይ ይጀምር ወይስ ከታች የሚለውን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከላይ ከተጀመረ ለታች ማሳ የሚተርፈው ጭቃ ነው። ከታች ከተጀመረ ውሃው በረጅሙ ቦይ እየሰረገ ይቀርና ለሁሉም ይሳሳል። የላይም የታችም ሰው እውነት አላቸው፤ ለዚህ ነው የሚመርጡት።

በዚያ ዓመት ከላይ ስማቸው የሚባል፣ ከታች ደግሞ ይርዳው የሚባል ሰው ቀረቡ። አመራረጡ ቀላል ነው። አንድ ቤት አንድ ፍሬ ይጥላል። ስማቸውን የሚፈልግ ሽምብራ፣ ይርዳውን የሚፈልግ ባቄላ። አባወራው ፍሬውን በጭብጡ ይዞ እጁን እስከ አንጓው እንስራ ውስጥ ያስገባና ይለቀዋል። ሲወድቅ እንዳይሰማ እንስራው ውስጥ አመድ ይነሰነሳል። እንስራውን የሚጠብቁት አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከሁሉ ጋር አይመርጡም፤ ፍሬው እኩል ለእኩል ከሆነ ብቻ የራሳቸውን ጥለው ይለያሉ።

ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ቆላ ወርዶ የማይገኝ ሰው አለ። ለእነዚህም ደንብ ነበር። የሚሄድ ሰው «እልካለሁ» ብሎ ለአያ ጥጋቡ ቃል ይሰጣል። እዚያ ሆኖ ፍሬውን በጨርቅ ይቋጥራል፣ ቋጠሮውን በሰም ያትማል፣ ሰሙ ሳይደርቅ አውራ ጣቱን ይጫንበታል፤ ከዚያ ወደ አገር ለሚመለስ ሰው ይሰጣል። ቋጠሮው በምርጫው ቀን ፀሐይ ከመንደሩ በስተምዕራብ ካለው የኮሶ ዛፍ ጫፍ ሳትወርድ መድረስ አለበት። ቋጠሮው መንገድ ላይ ነው የተባለ ቤት ደግሞ ሌላ ፍሬ አይጥልም፤ አለዚያ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ይመርጣል። ደንቡን ያወጡት አባቶች ብልሆች ነበሩ። ያወጡት ግን ብርድ አገር ቁጭ ብለው ነው፤ የቆላ ሙቀት ሰም ምን እንደሚያደርግ አላሰቡም። ሞትንም አላሰቡም።

በዚያ ዓመት ከወረዱት ስድስት አባወራዎች አምስቱ ቋጠሯቸውን ቀደም ብለው፣ ሌሊት ሌሊት ከሚጓዝ ነጋዴ ጋር ልከዋል፤ ሰሙም ሳይቀልጥ ደርሷል። የቀረው ፈንቴ ነበር።

የፈንቴ ማሳ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ደርቆበታል፤ ቆላ ያወረደውም ይኸው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከደረቀ ሚስቱ ደብሬ ሁለት ልጆቿን ይዛ እሱ ወደ ሄደበት ትወርዳለች። ሌላ መውጫ የላቸውም። ታዲያ ባቄላ ይልካል እንጂ ምን ይልካል ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ቀላል ቢሆን እኔም አፌን አላደክምም ነበር። ስማቸው የፈንቴ አበልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት፣ በየክረምቱም ጥማድ በሬ የሚያውሰው እሱ ነው። ከይርዳው ጋር ግን በድንበር ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሊሄድ ሲነሳ ደብሬ «ለማን ነው የምትልከው?» አለችው። «አስብበታለሁ» አላት። ፈንቴ ለሁሉ ነገር አስብበታለሁ የሚል ሰው ነበር።

የምርጫው ቀን ጠዋት ደብሬ አንድ ባቄላ ጨብጣ መጣች። አያ ጥጋቡ መለሷት።

«ቤትሽ ቃል የሰጠ ቤት ነው። ቋጠሯችሁ መንገድ ላይ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ደብሬ። አልተከራከረችም። ከእንስራው ማዶ ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ባቄላውንም ከእጇ አልለቀቀችም።

ታከለ የፈንቴ ታናሽ ወንድም ነው። ገና ጎጆ አልወጣም፣ ስለዚህ ፍሬ የለውም። ቆላ የወረዱት አብረው ነበር። ሰሊጡ ተሰብስቦ ሊያልቅ ሲል ፈንቴን ወባ ጣለው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ረገብ ሲልለት ተነስቶ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ፍሬውን ቋጠረ፣ በሰም አትሞ ጣቱን ተጫነበት። «ይችን አድርስልኝ፣ አደራ» አለ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ታከለ ቀብሮት በማግስቱ መንገድ ጀመረ። አላለቀሰም፤ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። መንገድ በገባ በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ጉያውን ቢዳስስ ሰሙ ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ሰርጓል። የወንድሙ አሻራ የለም። ደጋው አፋፍ ላይ ሲደርስ ሰሙ በብርዱ መልሶ ሊጠነክር ሲል የራሱን አውራ ጣት ተጫነበት። ቋጠሮውን ግን አልፈታውም።

ቀጨሞ ሲደርስ ፀሐይ ገና ከኮሶው ጫፍ ላይ ነበረች።

«ፈንቴስ?» አሉት ሰዎች።

«ደህና ነው» አለ። እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ ነበር የምትሉት። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል እንጂ ገበያ መሃል አይዘረገፍም። ታከለ ቋጠሮውን አስረክቦ፣ ሽማግሌዎቹን ለብቻ ጠርቶ፣ ለነገ ጠዋት ሊያሰናዳ ነበር ሐሳቡ። አያ ጥጋቡ ግን ቋጠሮውን ሲቀበሉ ለማንኛውም አድራሽ የሚጠይቁት የራሳቸው ጥያቄ አለ። ሃያ ዓመት ጠይቀውታል፤ አንድም ቀን መልሱ አስቸግሯቸው አያውቅም።

«ላኪው በሕይወት አለ? ጣቱስ የሱ ነው?»

ታከለ ደብሬን አየ። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«በሕግ አምላክ፣ ተናገር እንጂ!» አሉት ሽማግሌው።

«ከሞተ ስድስት ቀኑ ነው» አለ ታከለ። «ጣቱ የኔ ነው። ፍሬው የሱ ነው።»

ደብሬ መርዶዋን የሰማችው እንዲህ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ «ወይኔ!» ብላ ስትነሳ ደብሬ እጇን ዘረጋች።

«ቆዩ» አለች። «ለቅሶው የትም አይሄድብኝም።»

ድምጿ ውሃ ልቅዳ ብላ የምትነሳ ሴት ድምፅ ይመስል ነበር ይላሉ። አንዳንዱ ደነዘዘች አለ፣ አንዳንዱ ጨከነች አለ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው።

ሕዝቡ መንጫጫት ጀመረ። ያን ጊዜ አያ ጥጋቡ ብልሃት የመሰላቸውን ነገር አደረጉ። «ክርክሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ የተጣለው ይቆጠር። ምናልባት አንድ ፍሬ ለውጥ አያመጣ ይሆናል» አሉ። እንስራውን ቁርበት ላይ ገልብጠው፣ አመዱን እፍ ብለው ቆጠሩ። ባቄላ ሠላሳ አንድ ሆነ፣ ሽምብራም ሠላሳ አንድ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ በቀጨሞ ስለ ደንብ ብቻ ብሎ የሚከራከር ሰው አልተገኘም።

መጀመሪያ የተናገረው ታከለ ነው።

«ወንድሜ ሲቋጥር በሕይወት ነበረ። የላከው ሕያው ሰው ነው፣ የደረሰውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሰሙን ያቀለጠው ሙቀቱ ነው፤ እኔ ብዋሽ ኖሮ ጣቱ የሱ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ማን ያውቅብኝ ነበር? አደራ በላ አልሆንም። ቋጠሮው ይጣል።»

ቀጥላ ደብሬ ከድንጋዩ ተነሳች።

«አያ ጥጋቡ፣ ጠዋት ሲመልሱኝ ባሌ ከሞተ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። እርስዎም አላወቁ፣ እኔም አላወቅሁ። ቤቱ ግን ያን ጊዜም የኔ ነበር። አልዘገየሁም፣ ጣቴም የራሴ ነው፣ ይኸው በሕይወት አለሁ። ሙት ውሃ አያጠጣም። ልጆቼን ይዤ ነገ የምወርደው እሱ ወደ ተቀበረበት ነው። ባቄላዬን ልጣል።»

ከላይ ሰዎች አንዱ ከኋላ ሆኖ «ሙት ይዞ ይሞታል» ሲል አጉረመረመ። «አፍህን ያዝ!» አሉት፤ ያሉት ደግሞ የላይም የታችም ሰዎች ናቸው።

ከዚያ አያ ጥጋቡ ተናገሩ።

«አሻራው የላኪው ያልሆነ ቋጠሮ አይቆጠርም ይላል ደንቡ፤ ለምን ጠፋ አይልም። ቃል የሰጠ ቤት ሌላ ፍሬ አይጥልም ይላል፤ ባል ቢሞትስ አይልም። ሁለቱ ከወደቁ ደግሞ እኩል ለእኩል ነው፣ ፍሬው የኔ ነው። ማሳዬ ከላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የምጥለውንም አልደብቃችሁም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የገዛ ልጄ ቋጠሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ አንድ ዳገት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። መለስኩት። እስከ ዛሬ ቤቴን አልረገጠም። ለልጄ ያላጠፍኩትን ደንብ ለማን ላጥፈው?»

ይህን ሲሉ አላመረሩም፤ እንደ ሌላ ሰው ልጅ ነገር ነው የተናገሩት።

አንድ የታች ሰው ተነስቶ ሁሉም በልቡ የያዘውን አወጣ።

«ይፈታና እንየው። ባቄላ ከሆነ የባልና የሚስት ቃል አንድ ነው፣ ክርክሩም አለቀ።»

«አይሆንም» አሉ አያ ጥጋቡ። «ፍሬው ከታየ በኋላ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው ለፍሬው ነው። ቋጠሮ መጀመሪያ ይጸድቃል ወይ ይወድቃል፤ ከዚያ ይፈታል።»

ታከለ ወደ ደብሬ ዞረ። «እታለም፣ አንቺ ከፈቀድሽ እኮ…»

«አትፍቱት» አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ባቄላ ከሆነ እሰየው። ሽምብራ ከሆነስ? የልጆቼን ውሃ ለበሬ ውሰት የሰጠ ሰው ነው ብዬ ለቅሶ ልቀመጥለት? እስካሁን ባሌ ነው። ተዉኝ፣ ባሌ ሆኖ ላልቅሰው።»

ስማቸው ኩታውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ አበልጁ ነው የሞተበት፣ ሐዘኑም የውነት ነው። ይርዳው ሳይታረቁ የቀሩትን ሰው እያሰበ መሬት ይጭራል። ሁለቱም ለራሳቸው አልተናገሩም። መናገር ያሳፍራል፤ ዝም ማለትም ያው ነው።

አያ ጥጋቡ ባዶውን እንስራ አቁመው እንደገና አመድ ነሰነሱበት። ታከለ ቋጠሮውን ይዞ በአንድ በኩል ቆመ። ደብሬ ባቄላዋን ጨብጣ በሌላ በኩል ቆመች። ሽማግሌው በመካከል አንድ ሽምብራ መዳፋቸው ላይ አድርገዋል። ሦስት እጅ ነው፤ የእንስራው አፍ ግን ከአንድ እጅ በላይ አያስገባም።

የውሃ አባት እስኪሾም ቦዩ አይከፈትም። እነሱ ቆመው ሲተያዩ ውሃው በጎን በኩል ወደ ገደል ይወርዳል፤ ላይ ላለውም ታች ላለውም አይጠቅም። ደብሬ በማድጋ እየቀዳች ያቆየችው የሽንኩርት ችግኝ ቢበዛ አራት ቀን ቢጠብቃት ነው። የፈንቴ መርዶ ተነግሯል፣ ለቅሶው ግን አልተቀመጠም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቆመው ይጠብቃሉ።

ለእኔ የነገሩኝ እስከዚህ ነው። ቀጥሎ የሆነውን ስጠይቃቸው አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር አሉኝ፤ እኔም አላወቅሁም። እናንተ ሞክሩት። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ግን እያንዳንዳችሁ፣ ማሳችሁ ከቦዩ ላይኛው ጫፍ ነው ወይስ ታችኛው፣ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው በእውነት ተናገሩ። ከዚያ ፍረዱ፦ እጁን እንስራው ውስጥ ማን ያስገባ? አደራውን ያደረሰው ታከለ፣ በሕይወት ያለችው ደብሬ፣ ወይስ ደንቡን ያልሸጡት አያ ጥጋቡ?