ገመዱን አስቀድሞ ያሰረው ሰው

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉኝ የንስሐ አባቴ፣ ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው በወረርሽኙ የተያዙ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነው። ጋዎን፣ ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት በየተራቸው ሳይለበሱ ወደዚያ ክፍል መግባት ክልክል ነው። ባለፈው ሳምንት በመስታወቱ በር አሻግሬ ስመለከት፣ አንዲት እናት የኦክስጅን ጭምብላቸውን ከፊታቸው ገፍተው ጣሉ። ውስጥ የነበረችው ባልደረባዬ ልቡ የቆመበትን ሌላ በሽተኛ ደረት እየተጫነች ነበር፤ ቀና ብላም አላየች። እኔ ለበስኩ። አንዱንም ሳልዘል ለበስኩ። ስደርስ የሴትዮዋ ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ፣ መስቀል ለመሳለም እንኳ ሳልጠጋቸው ርቄ ቆሜ፣ «አባቴ፣ ልብሴን ሳስር ያለፈው ጊዜ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርብኛል ወይ?» አልኳቸው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመኝ እንደቆምኩ ለመግባት መወሰኔንም ነገርኳቸው።

እሳቸውም ቀጠሉ።

ቆፋሪው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነበር የሚሠራው። አንደኛው ሲቆፍር ሌላው አፈሩን በባልዲ ይስባል። አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ ተከድኖ የቆየ ጉድጓድ እንዲያጸዱ ተጠሩ። ቆፋሪው መሣሪያ ሊያመጣ ዘወር ሲል፣ ታናሹ ክዳኑን አነሣና በግድግዳው መርገጫዎች ወረደ። ጉድጓዱ የታመቀ መጥፎ አየር ነበረበት። ከታች እንደደረሰ ድምፁ ጠፋ። ይህን ያየ አንድ ጎረቤት፣ ደግ ሰው ነበር፣ ሳያመነታ ተከትሎት ወረደ። እሱም መርገጫውን ለቆ ወደቀ።

ታላቁ ሲመለስ መንደሩ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ቆሞ ይጮሃል። እናቱም ከመሃል ናቸው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ሊወርድ እግሩን ሰድዷል። ቆፋሪው ጎልማሳውን በአንገትጌው ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያም አየሩን ሊፈትን ኩራዝ ለኩሶ በገመድ አወረደ፤ እሳቱ ገና ጉድጓዱን ሳያጋምስ ጠፋ። ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ አሰረና ወደ ታች እየለቀቀ፣ ወደ ላይ እየሳበ አየሩን ያናውጥ ጀመር።

ሰዉ ይህን ሲያይ ተናደደ። አንዱ፣ ይህ ሰው ወንድሙን የሚያወጣ ሳይሆን ጉድጓድ የሚጠርግ መስሎታል አለ። ቆፋሪው ያነሣውን ገመድ ጥሎ ሌላ ሲያነሣማ አንዲት ሴት፣ «ገበያ የወጣ መሰለው እንዴ? ገመድ ያማርጣል» ስትል ተሰማች። እናቱ ቀርበው እጁን ያዙት። «ወንድምህ እኮ ነው። የባዕድ ልጅ መሰለህ?»

ቆፋሪው ገመዱን በወገቡ አዙሮ አሰረ፤ ጎትቶ ሲሞክረው ላላበት። ሰው ሁሉ እያየው ፈታው። እንደገና አሰረ፤ እንደገና ጎተተ። ገመዱን ለሚይዙት ሰዎች፣ ስወዘውዘው ምንም ሳትጠይቁ ሳቡኝ አላቸው። ለእናቱ የመለሰላቸው ይህን ብቻ ነው፦

«እማዬ፣ እኔም እዚያው ከቀረሁ ማን ያወጣዋል?»

ወረደ። ጎረቤቱ ከላይ ስለተጋደመ መጀመሪያ እሱን በሌላ ገመድ አሰረው። ሳቡት፤ ሲወጣ ያስል ነበር። ከዚያ ቆፋሪው ወንድሙን ታቅፎ ገመዱን ወዘወዘ። ሁለቱንም አወጧቸው። ወንድሙ ግን ትንፋሽ አልነበረውም።

ከቀብሩ በኋላ እናቱ ብዙ ጊዜ አላናገሩትም። ቤት ሲገባ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ግን እንዳቀረቀሩ፣ «ወዲያው ብትወርድ ትደርስበት ነበር?» አሉት።

ቆፋሪው ሊያጽናናቸው ብሎ አልዋሸም። «አላውቅም እማዬ። ምናልባት እደርስበት ነበር። ይዤው መውጣት ግን አልችልም። ሦስታችንም እዚያው እንቀር ነበር፤ ዛሬ ይህን የምትጠይቂው ልጅ አይኖርሽም ነበር።»

እናቱ ተነሡና ምግብ አቀረቡለት፤ «ብላ» አሉት።

የንስሐ አባቴ ይህን ተናግረው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቆፋሪው አንተ ነህ። ጉድጓዱ ያ ክፍል ነው፤ መጥፎው አየር በሽታው ነው፤ ገመዱም ልብስህ። ቆፋሪው ገመድ ሲያስር ያጠፋውን ጊዜ ከወንድሙ አልሰረቀም፤ የማዳኑ ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው። ያ ደግ ጎረቤት ሳይታሰር ወረደ። ምን ረዳ? ከታች የሚወጣ ሰው ጨመረ። አንተም እንደቆምክ ብትገባ፣ በባልደረባህ ላይ የምታስታምመው አንድ በሽተኛ ትጨምርባታለህ፤ ከጎኗ ደግሞ አንድ ነርስ ትቀንስባታለህ።»

ታዲያ ልቤ ለምን ይከሰኛል አልኳቸው።

«ስላዘንክ ነው። ቆፋሪውም ወንድሙን እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ሐዘኑን ተሸከመው፤ ያንተ ነው። በደል ብለህ ግን ስም አታውጣለት። እኔም በደል ላላየሁበት ነገር ንስሐ አልሰጥም። ነገ ተረኛ ነህ?»

ነኝ አልኳቸው።

«እንግዲያው በበሩ መስታወት የሚያጣጥር ሰው ብታይ ፍጠን። ሳትለብስ ግን አትግባ።»