ዝም ያለው ፍሬን

አንድ ጊዜ፣ አህያ ተጭና ሳይሆን ተቀምጣ የምትሄድበት ዘመን መጣ። አትሳቁ! ከእናቷና ከአያቷ ጀርባ ሳይወርድ የኖረውን ዳውላ አህዪት አንድ ቀን አውርዳ ጣለችና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛች።

የእንስሳቱ መንደር ያለው ኮረብታ አናት ላይ ነው። ገበያውና ወንዙ ደግሞ ከታች ናቸው፤ በመካከሉ ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ድሮ አህዪት ያንን ዳገት እህል ተሸክማ ስትወጣው ጉልበቷ ይብረከረክ ነበር። አሁንማ! ኮርቻው ላይ ጉብ ትላለች፤ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ታስተኛለች፤ እጀታውን ጠምዘዝ ስታደርገው ሞተሩ «ዝዝዝ» ይላል፤ ዳገቱ ሜዳ ይሆናል! እህሉ ከኋላ በሣጥን ተቀምጦ እንደ እንግዳ ይንሸራሸራል። ዶሮዎች መንገድ ዳር ወጥተው እልል ይላሉ። ጥንቸል ከኋላ እየሮጠች «እኔንም አንዴ አዙሪኝ፣ በናትሽ!» ትላለች። አህዪት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ኮርቻ ሁልጊዜ በአህያ ላይ ነበር፤ አህያ በኮርቻ ላይ ስትሆን ግን ይኸው የመጀመሪያዋ ነው።

የአገሩ ንጉሥ አንበሳ ብስክሌቱን የፈቀደላት ግን በአንድ ቃል ነበር።

«መንደሩን እስካላወክሽ ድረስ ንጂ» አላት። «ያወክሽ ቀን ብስክሌቱ ገደል ይገባል፤ አንቺም ወደ ዳውላሽ ትመለሻለሽ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች አህዪት። ማን ነው በዚያ ደስታ መሀል እንቢ የሚለው?

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ፍሬኑ መጮህ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ተራው ብስክሌት ቀላል አይደለም። ባትሪው ይከብዳል፤ ሞተሩ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ እህሉ አለ። ያን ሁሉ ክብደት ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። የጎማውን ክብ ብረት አጥብቆ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲፋቅ ከርሞ ሳስቶ ሳስቶ አለቀና ብረት ከብረት ተገናኘ።

«ሲጢጢጢጥ!»

ዶሮዎቹ እልልታውን ትተው ጆሯቸውን ያዙ። ጥንቸል ጉድጓድ ገባች። አንበሳ ከቀትር እንቅልፉ ብድግ ብሎ አገሳ።

«ማነው ጥርሱን የሚያፋጭብኝ?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ ፍሬኔ ነው!» አለች አህዪት።

«እስከ ቅዳሜ ዝም አሰኚው! ዝም ካላለ ቃሌን ታውቂዋለሽ።»

ልብ አድርጉ፤ ንጉሡ «ምን ሆኖ ነው?» አላለም። «ዝም አሰኚው» ነው ያለው። አህዪትም ይዛው የሄደችው ይህንኑ ቃል ነው።

በመንደሩ የነበረው አንድ የብስክሌት ጋራዥ የአያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ከሌላ አገር መጥቶ ነው የከፈተው፤ ብስክሌት ሲሠራ ያየው የለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ይኸኛው ደግሞ መፍቻ አቀብሉኝ አለ።

አህዪት መጀመሪያ ስትመጣ «ነገ ነይ» አላት። በማግስቱ ስትመጣ «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» አላት። የትኛው ዕቃ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ዓርብ ዕለት መጥታ ብስክሌቱን ከበሩ ላይ አቁማ አልሄድም አለች። አያ ጅቦ የበግ ላት አስቀምጦ እየዋጠ ነበር፤ መዳፉ እስከ ክርኑ በስብ ያብለጨልጫል።

«አያ ጅቦ፣ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው!»

«ታዲያ ቅዳሜን የፈጠርኩት እኔ ነኝ?»

«ብስክሌቴ ገደል ሊገባ ነው! ወደ ዳውላ ልመለስ ነው! ስለ ፈጣሪ ብለህ እየው!»

አያ ጅቦ ከላቱ መነሳት ቢያንገበግበውም ተነሳ። «ምን ሆኖብሽ ነው?»

«ይጮሃል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልፈልግም። ዝም ብቻ አሰኝልኝ!»

አያ ጅቦ ብስክሌቱን አንድ ጊዜ ዞረው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ፍሬኑን ትቶ ባትሪውን ኳ ኳ አደረገው።

«ችግሩ ባትሪው ነው» አለ።

«ባትሪ ይጮሃል እንዴ?»

«የናንተን አገር ባትሪ አላውቀውም!» ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ የሚያደርገው ሲጠፋው የኋላውን ጎማ አሽከረከረና ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት በዚያ ላት በበላ መዳፉ ጨበጥ አደረገው። ብረቱ እየተሽከረከረ ስቡን ዙሪያውን ለበሰ። አህዪት ፍሬኑን ያዘች። ዝም! ለቃ እንደገና ያዘች። ዝም!

«አያ ጅቦ! ምን አደረግከው?»

ምን እንዳደረገ ያወቀ መሰላችሁ? መዳፉን አገላብጦ አየው። አሸተተው።

«እጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁ እየጎላ መጣ። «እጄ! እጄ እኮ መድኃኒት ነው!»

ደስ ብሎት የፊተኛውንም ጎማ ብረት ዳሰሰው። ለማንኛውም ብሎ እጁን ላቱ ላይ አሸት አድርጎ ሁለቱንም ደገማቸው፤ የተረፈውን ከጣቶቹ ላሰ። አህዪት በደስታ ከመሬት ዘለለች። አመስግና፣ ደጋግማ አመስግና ኮርቻዋ ላይ ወጣች። የመንደሩ ውስጥ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ሞተሩን ስትለቀው ብስክሌቱ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ እስከ ቤቷ ድረስ ፍሬን አላስፈለጋትም። እየመላለሰች ብትጨብጠውም ድምፁን ለመስማት ብቻ ነበር። ፍሬኑን በጆሮዋ ፈተነችው እንጂ በመንገድ አልፈተነችውም።

ወሬ ደግሞ ክንፍ አለው። ሳይመሽ በሩ ሲጢጥ የሚልበት፣ ጥርሱ የሚፋጭበት፣ ልጁ የሚያለቅስበት ሁሉ አያ ጅቦ በር ላይ ተሰልፎ «በእጅህ ዳስስልኝ!» ይል ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት አንበሳ አህዪትንና አያ ጅቦን አስጠራቸው።

«ሰማሁ!» አላት ፈገግ ብሎ። «ማለቴ፣ አልሰማሁም! ደስ ብሎኛል። እንዲያውም ዛሬ እኔ ራሴ ከኋላሽ ተቀምጬ ወንዝ ድረስ እወርዳለሁ። ከታች የበሬ ታፋ አሰቅያለሁ፤ ነጂዋም ሠሪውም ትካፈላላችሁ።»

አያ ጅቦ «ታፋ» የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላውን ቃል አልሰማም።

መንደሩ በሙሉ ነቅሎ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ወጣ። ንጉሥ በብስክሌት ሲወርድ ማየት ማን ይቀርበታል! ዶሮዎቹ እልል አሉ። ጥንቸል ከጉድጓዷ ወጣች። ነገር ሳታሸት የማታልፈው ቀበሮ ደግሞ በእንስሳቱ መሀል ሹልክ ብላ ገብታ የኋላውን ጎማ አሸተተች።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ፍሬን ላት ላት ይለኛል።»

«የሙያ ሽታ ነው!» አለ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ።

«እንዲያ ከሆነ እኔ በእግሬ ብወርድ ይሻለኛል» አለች ቀበሮ። «እግሬ ላት አልተቀባም።»

ሁሉም ሳቀ። አህዪት ግን አልሳቀችም። ቃሉ ሆዷ ውስጥ ገባ። አንበሳ ጋማውን እያስተካከለ ሳለ፣ ቦታ የምታመቻች መስላ ብስክሌቱን ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ አስጠጋችና ፍሬኑን ጨበጠች። ብስክሌቱ አልቆመም። አጥብቃ ጨበጠች። ይንሸራተታል! ሰኮናዋን አፈሩ ላይ ተክላ በስንት ጭንቅ ያዘችው።

አሁን ምን ታድርግ? ብትናገር ዳውላው ይጠብቃታል። ዝም ብትል ደግሞ ገደሉ። መንደሩ እያጨበጨበላት ነው። የጀርባዋ የድሮ ጠባሳ አሳከካት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ ዝም ልትል ነበር። አንበሳ እግሩን አንስቶ ሊቀመጥ ሲል ግን ጮኸች።

«ጌታዬ፣ አይቀመጡ!»

እልልታው ተቋረጠ።

«ፍሬኑ አይይዝም» አለች።

«ዝም ብሏል አልተባለም እንዴ?» አለ አንበሳ።

«ዝም ብሏል ጌታዬ። ግን አይይዝም። ወደ ዳውላዬ ልመለስ እንጂ እርስዎን ገደል አልከትም።» እንባዋ በአፍንጫዋ ወረደ።

የአንበሳ ፊት ጠቆረ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ ታፋው ከእጁ ሲያመልጥ ታየው፤ ዘሎ ከመሀል ገባ።

«ውሸቷን ነው! ፈርታ ነው! እኔ የዳሰስኩት ፍሬን አይይዝም ትላለች?»

«አያ ጅቦ እውነቱን ነው» አለች ቀበሮ ለስለስ ባለ ድምፅ። «እጁ መድኃኒት ከሆነ ራሱ ይንዳው። ያን ታፋም ብቻውን ቀድሞ ይደርስበታል።»

«ብቻዬን?»

«ማን አብሮህ አለ?»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አያ ጅቦ ኮርቻው ላይ ዘሎ ወጣ። አህዪት መሪውን ይዛ «ተው አያ ጅቦ፣ ትሞታለህ!» ብላ ለመነችው። ዘመዶቿን ሲበላ ለኖረው ለጅብ እንኳ አዘነች፤ የልቧን ነገር እዩ! እሱ ግን ገፈተራትና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።

ዝዝዝዝ! ሄደ! በመጀመሪያው መታጠፊያ እየሳቀ አለፈ። በሁለተኛው ፍሬኑን ያዘ። ዝም። ሁለቱንም ባንድ ላይ ጨበጠ። ዝም! ሞተሩን ለቀቀው፤ ቁልቁለቱ ግን አልለቀቀውም። ፍሬኑ ዝም ሲል አያ ጅቦ ራሱ ይጮህ ጀመር።

«ያዙኝ! ኧረ የአገር ያለህ፣ ያዙኝ!»

ኤሊ መንገድ ዳር አንገቷን አስገባች። አቧራው ሰማይ ደረሰ። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ያ ወፍራም የበሬ ታፋ ግራር ላይ ተሰቅሏል። አያ ጅቦ ከሩቅ አየው። ቀረበው። ሽታው አፍንጫውን ሞላው። አፉን ከፈተ። ደረሰበት... አለፈው!

«ታፋዬ!» እያለ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ፣ ረግረጉ ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። ከጭቃው በላይ የቀሩት ሁለት የኋላ እግሮቹና የብስክሌቱ ጎማ ነበሩ። ጎማው ያለ አንዳች ድምፅ ይሽከረከራል።

መንደሩ እየተንጋጋ ወረደ። አህዪት ገመድ በአንገቷ አስገብታ አያ ጅቦን ጎትታ አወጣችው። ብስክሌቱንም አወጣችው፤ ጎማው ቢጣመም ሌላው ደህና ነበር። አያ ጅቦ ጭቃውን ተፍቶ መጀመሪያ የተናገረው «ታፋው አለ?» የሚል ነው።

«የቱ ታፋ?» አለች ቀበሮ ከግራሩ ስር አፏን እየጠረገች።

አንበሳ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ስብ የለበሰውን ብረት በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየው፤ ከዚያ አሻቅቦ ያን ቁልቁለት አየ። በዚያ ኮርቻ ላይ ሊቀመጥ እግሩን አንስቶ እንደነበር አሰበ።

«ለካስ ያ ሁሉ ጩኸት ለእኔ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ዝም ይበል አልኩ። ጥፋቱ ከጅቡ በፊት የኔ ነው።»

ንጉሥ ጥፋቱን ሲናገር ሰምተው የማያውቁት እንስሳት ጆሯቸውን አቀኑ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ አንበሳ፣ «ፍሬን ሲጮህ የሰማ ሁሉ ‹ዝም በል› አይበል። ‹ምን ሆነህ ነው?› ብሎ ይጠይቅ። አህዪት፣ ከወንዙ ማዶ ጦጣ ብስክሌት ትሠራለች፤ አዲስ የፍሬን ሸራ ታግባልሽ፤ እጇን ታጥባ! እስክትጨርስ ብትቆይም ጠብቂያት። ስትጨርስ ደግሞ ቁልቁለቱ አጠገብ ሳትደርሺ ሞክሪው። ብስክሌቱ ያንቺ ነው፤ ዳውላ ከእንግዲህ ጀርባሽ ላይ አይወጣም።»

አህዪት ይህን ስትሰማ አንገቷን ወደ ሰማይ አቅንታ አናፋች። ያ ማናፋት በወንዙ ማዶ ገደል አስተጋባ፤ ወፎቹ ከዛፉ ተነሱ፤ የዶሮዎቹ ጆሮ ጭው አለ። ንጉሡም መንደሩም ቆመው እስክትጨርስ ሰሟት፤ አንድም ዝም በይ ያላት አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው የሚጮህን ነገር ዝም ማሰኘት መጠገን እንዳልሆነና፣ ቁልቁለቱ ሳይመጣ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የጠየቀ ብቻ ከታች በደህና እንደሚቆም ነው።