ዋዜማ የጠፋባት የአውቶብስ ባለቤት

ቆይ ሳቄን ልዋጥና ልንገራችሁ፤ ዋናው ጉድ ገና ኋላ ነው!

አንዲት የአውቶብስ ባለቤት ነበረች፤ እትዬ አመልማል ይሏታል። ያላት አንድ አውቶብስና "መንገደኛ ጥላ አታውቅም" የሚል ስም ነው። ትኬት የሚቆርጥላትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ይርዳው የሚባል ጎልማሳ ነበር። እሷ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ታዘዋለች፦ ወንበር ማስመረጫ ጨምር፣ በስልክ መልእክት ላክ፣ ለዘመን መለወጫ ደግሞ አበባ ያለበት "የዋዜማ ትኬት" አውጣ። እሱም ቶሎ ለማድረስ "ለጊዜው ነው" እያለ ይለጣጥፋል።

አንድ ቀን መጣና፣ "እትዬ፣ ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር አይዘዙኝ። ለጊዜው ብዬ የለጣጠፍኩትን ላስተካክል" አላት።

"ስትጨርስ ምን ታሳየኛለህ?"

"ምንም። ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም።"

"ውይ! የማይታይ ሥራማ እኔም እችላለሁ!"

ጥርጣሬ ገባት። ይሄ ሰውዬ በሁለቱ ሳምንት ለጎረቤቴ ለአቶ ሸዋንግዛው አውቶብስ ፕሮግራም ሊሠራ ነው፣ አለች በልቧ። በርጩማ ስባ ከኋላው ተቀመጠች። ይርዳው የጻፈውን መሰረዝ ሲጀምር ብድግ አለች።

"ያዝኩህ! ሰው የገዛ ሥራውን ያጠፋል? ተወው! ይልቅ የዋዜማውን ትኬት ጨርስልኝ!"

ተወው። ትኬቱን ጨረሰላት።

ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት ነበር። ይርዳው ግን ያኔ ሲጣደፍ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ጽፏታል። ፕሮግራሙ ታዲያ ዋዜማው ጳጉሜ አምስት ነው ብሎ ሾፌሩን በስልክ መልእክት ጠራው። ጠዋት አንድ መንገደኛ እንኳ ዝር አላለም። እትዬ አመልማል ቀን ልቁጠር ብላ አላሰበችም። "ይኸው! ይርዳው ሰዎቼን ለሸዋንግዛው አሳልፎ ሰጠብኝ!" አለችና ባዶውን አውቶብስ ከማዶ ከተማ ተሳፋሪ እንዲያመጣ ሰደደችው።

በማግሥቱ፣ በእውነተኛው ዋዜማ፣ አርባ አምስት ሰው፣ በግ የጎተተው በግ ጎትቶ፣ ዶሮ ያንጠለጠለው አንጠልጥሎ፣ የዋዜማ ትኬቱን ይዞ በሯ ላይ ተኮለኮለ። አውቶብስ የለም!

"እትዬ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት መሆኗን እርስዎ ብቻ ነዎት ያልሰሙት?" አለ ባለ በጉ። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ መሬት ብትውጣት በወደደች። ሁሉንም ጭኖ ለበዓሉ ያደረሳቸው ማን ይመስላችኋል? አቶ ሸዋንግዛው! ያ የጥንቱ ስሟም አብሮ ተሳፍሮ ሄደ።

እንግዲህ የሚታየውን ብቻ እያደነቅን፣ ከሥር ያለውን ለመጠገን ጊዜ የሚለምነንን ሰው እንደ ሌባ የምናይ ስንቶች ነን? ለጊዜው የተባለ ነገር ቀን ካልተቆረጠለት እዚያው ይከርማል።

እትዬ አመልማል ይርዳውን አስጠራችው። "ያኔ ተወው ስልህ ለምን አልጮህክብኝም?" አለችው።

"ለጣጥፌ የጻፍኩት እኔው ነኝና አፈርኩ" አላት።

እሷም እንዲህ አለችው፦ "በል እንግዲህ፣ በየወሩ ሦስት ቀን ምንም አላዝህም፤ አንተም ያፈርክበትን አንድ በአንድ ንገረኝ።"